እያጠሩ የሄዱት ጥዶች

ውድ ሳና፣

ታይስቶ ደህና ናቸው። ደብዳቤውን አጣጥፈሽ መሳቢያ ውስጥ ከመወርወርሽ በፊት ቢያንስ ይህን እንድታነቢ ብዬ ከሁሉ አስቀደምኩት። ከግራ እግራቸው ሁለት ጣት ተቆርጧል። ከዚያ በቀር እንደ ድሮው ናቸው፤ ይበላሉ፣ ይነጫነጫሉ፣ ሬዲዮ ጮክ አድርገው ያዳምጣሉ።

የምጽፍልሽ እንድትመጪ ልጠይቅሽ ነው። ለምን እንደሆነ ሳትሰሚ እምቢ አትበይ።

በሚያዝያ ለኤግዚቢሽኑ ኮሚቴ የላክሽውን ደብዳቤ ቬሳ አዳራሽ ውስጥ አነበበልን። ከእንግዲህ አትጋብዙኝ፣ ሥራውን ትቼዋለሁ፣ እዚሁ ቱርኩ መዋዕለ ሕፃናት ተቀጥሬያለሁ ብለሻል። «ሰው ልገድል ነበር» የሚልም አለበት። ቬሳ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ስለ ጀልባ ማቆሚያው ጥገና ማውራት ጀመረ። ጠልተውሽ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ስለ ጥገና ማውራት የኛ ሰው ልማድ ነው፤ አንቺም እዚሁ አገር ነው ያደግሽው።

ስልክሽ አይሠራም። እኔም ብዙ ጊዜ አልሞከርኩም፤ በስልክ አጭር ነኝ። በወረቀት ይሻለኛል።

ባለፈው ክረምት ለኤግዚቢሽኑ በሐይቁ በረዶ ላይ የጥድ መስመርሽን ከተከልንበት ቀን ልጀምርልሽ። የኔው ሬዮ መሰርሰሪያውን ይዞ ከፊት ከፊት ቀዳዳ ይበሳል፤ ቬሳና ሁለቱ አስተማሪዎች ጥዱን ያቆማሉ፤ ሌላው ውሃ ያፈስበታል፤ ውሃው እስኪረጋና እስኪይዘው ድረስ ደግሞ አንድ ሰው እንደ ሐውልት ጥዱን ጨብጦ ይቆማል። እኔ በአነስተኛ ተንሸራታች የዓሣ ሾርባ እየጎተትኩ ከኋላችሁ ነበርኩ። ሜትር አልያዝሽም። የመጀመሪያው ጥድ እጅሽን ወደ ላይ ዘርግተሽ የምትደርሺበትን ያህል ነበር። ከዚያ ግንባርሽ፣ ከዚያ ትከሻሽ፣ ወገብሽ፣ ጉልበትሽ።

«ይቺ ልጅ ጥድ ሳይሆን ራሷን ነው የምትተክለው» አለ ቬሳ።

«ቀጥ አድርገው ይያዙት» አልሽው። «የእርስዎ ጥድ እንደ እርስዎ ጎብጧል።»

እሱ ሳቀ። ሚስቱ ለሳምንት «ጎባጣው ጥድ» እያለች ስትጠራው ከረመች።

ከሳውናው ደጃፍ ሆነን ስናየው ሐይቃችን ሌላ ሐይቅ ሆነ። ጥዶቹ እያጠሩ፣ እየተቀራረቡም ስለሚሄዱ መስመሩ ማለቂያ ያለው አይመስልም። ሬዮ «ሃያ ኪሎ ሜትር ይሆናል» አለ። ሁለት እንኳ እንደማይሞላ ያውቃል፤ ራሱ ነው የበሳው። ከኦሉ ከተማ የመጣው አርቲስት ያቆማቸው በሮች አጠገብ ነበሩ፤ ልጆች ሲከፍቱና ሲዘጉ የዋሉባቸው። በዚያች ሰዓት ግን በሮቹን ያየ አልነበረም።

አሁን የምነግርሽን ልብ በይ። እዚያ የነበርነው ሁላችን፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ ሌፓሳሪ ደሴት የሚወስደውን የበረዶ መንገድ በጥድ ምልክት የምናደርግ ሰዎች ነን። ሬዮ ሥራውን ከአባቱ ነው የተረከበው። ልጅ በእግሩ መሄድ ሲጀምር የምንነግረው ይህንኑ ነው፦ ጭጋግ ከያዘህ ከጥድ ወደ ጥድ ሂድ፣ ጥድ በቆመበት በረዶው ይችልሃል። ከዚህ በላይ የምናውቀው ነገር የለንም ብል ማጋነን አይሆንም። ያን ቀን ግን ከአንዳችንም አፍ «ይሄ እኮ መንገድ ይመስላል» የሚል ቃል አልወጣም። ኪነ ጥበብ ነዋ! ኪነ ጥበብ የሚል ሰሌዳ ዳር ላይ ስለቆመ፣ ጥዱ ጥድ መሆኑ ከሐሳባችን ወጣ። አንቺ የቱርኩ ልጅ ነሽ፤ ባሕር እንጂ ሐይቅ አታውቂም። ለአንቺ መናገር የነበረበት ከእኛ አንዱ ነበር፤ አፍ ደግሞ ለሁላችንም ነበረን።

ታይስቶን አንቺ አይተሻቸው አታውቂም። በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ወደ አምቡላንሱ ሲገቡ ካየሽው አፍንጫ በስተቀር ማለቴ ነው። ሌፓሳሪ ላይ ከውሻቸው ጋር ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች ቆይቷል። ኦይሊ የምትባል አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ከተማ ነው የምትኖረው። ክረምት ክረምት በእግር የሚገፋውን ተንሸራታቻቸውን ይዘው በመንገዱ መጥተው ከእኔ ሱቅ ዕቃ ይገዛሉ። አንቺ መስመሩን ስትሠሪ ታመው ተኝተው ስለነበር የትኛውንም ጥድ ሲተከል አላዩም፤ ከማንም አልሰሙም።

የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ሰማዩ ገና ግልጥ ሳለ መጡ።

«ተሻለዎት?» አልኳቸው።

«ከአልጋ ከተነሳሁ ተሽሎኛል ማለት ነው። ወተት፣ ቡና፣ የመንጠቆ ክር።»

«ኤግዚቢሽኑን አዩት?»

«ከሩቅ አየሁት። በር አየሁ። ቤት የሌለው በር ካየሁ በኋላ ፊቴን አዞርኩ።»

«ሌላም አለ እኮ።»

«ለዛሬ በሩ ይበቃኛል።»

ወሬ ይዘን ቆየን። ሲወጡ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ውሽንፍሩ እስኪያልፍ እንዲቆዩ ነገርኳቸው፤ ውሻዬ ብቻውን ነው አሉ። ከሱቁ ደጃፍ ወደ ሐይቁ ሁለት መውረጃ እንዳለ ታውቂያለሽ። የግራው ወደ ጀልባ ማቆሚያው ነው፤ መንገዱም የሚጀምረው እዚያ ነው። የቀኙ ወደ ሳውናው፣ ወደ እናንተ ሥራዎች። የሚወርደው በረዶ የገዛ እጃቸውን አላሳይ ሲላቸው በቀኙ ወረዱ። በረዶው ላይ ሲደርሱ ትልቅ ጥድ አጠገባቸው አገኙ። ከዚያ በኋላ መጠራጠር ለምን?

ቀጥሎ ያለውን ታውቂዋለሽ። በደብዳቤሽ ግን አንዱን ነገር ዘለልሽው፤ ስለዚህ ልጽፈው ነው። ኦይሊ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ለአባቷ ትደውላለች፤ ሲያጣቸው እኔ ጋ ደወለች። ሬዮና ቬሳ በበረዶ ሞተር መንገዱን ይዘው እስከ ደሴቱ ሄዱ። ቤት ውስጥ ውሻው ይጮኻል፣ ሰው የለም። ተመልሰው ኩሽናዬ ውስጥ ጢማቸው ላይ በረዶ እንደረጋ ቆመው ትኩስ ነገር ይጠጡ ጀመር። አንቺ ጥግ ላይ ተቀምጠሽ ድንች ትልጪ ነበር።

«መንገዱን ጥድ በጥድ ነው ያየነው» አለ ቬሳ። «የሉም።»

አንቺ ቀና አልሽ። «የትኛውን ጥድ?» አልሽ።

ቬሳ ዞሮ አየሽ።

«የትኛውን ጥድ ነው ያያችሁት?»

ሬዮ ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ተከትለሽው ሮጠሽ፤ ሞተሩ ላይ ልትወጪ ስትይ ቬሳ ክንድሽን ይዞ አስቀረሽ። ታይስቶን ከመስመርሽ መጨረሻ አግኝተው ሲያመጧቸው አምቡላንሱ ደርሶ ነበር፤ እኔ ከእሳቸው ጋር ገባሁና ሄድኩ። በማግስቱ ስመለስ አልጋሽ ተነጥፏል፤ ቁልፉ ሱቁ መስኮት ላይ ነው። በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄዳለች አሉኝ።

እንግዲህ ያላየሽው ይህ ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ሦስተኛው ቀን ላይ ታይስቶ መናገር ጀመሩ። እኔ አልጠየቅኳቸውም፤ ብርቱካን እየላጥኩላቸው ነበር።

«መጀመሪያ ጥዱ ከራሴ በላይ ነበር» አሉኝ። «ሬዮ ዘንድሮ ትልልቁን ቆርጧል ብዬ አመሰገንኩት። ነፋሱ ጉንጬን መምታት ሲገባው ጀርባዬን መታኝ። ነፋሱ ዞሯል አልኩ። ጥድ እያለ ነፋስ የሚያምን ማን ነው? ከዚያ ጥዱ ትከሻዬ ጋ ደረሰ። ከዚያ ወገቤ ጋ። በረዶው እየቀበራቸው ነው ብዬ አሰብኩ። ሌላ ምን ላስብ? ወደ ታች የሚያድግ ጥድ አይቼ አላውቅም። ቶሎ ካልደረስኩ መንገዱ ሙሉ በሙሉ ይጠፋብኛል ብዬ ተንሸራታቹን ባለኝ አቅም ገፋሁ። ባጠሩ ቁጥር ፈጠንኩ።»

«መጨረሻ ላይስ?»

«መጨረሻ ላይ መዳፍ የምታክል ነበረች። ከእሷ ወዲያ የለም። ተቀብሮ ይሆናል ብዬ ተንበርክኬ በእጄ ጫርኩ። ውሃ የቋጠረ ቦታ ላይ ነበርኩ መሰለኝ፣ ያኔ ነው ቦት ጫማዬ ውሃ የሞላው። ትንሿን ጎትቼ አወጣኋት። ግንዷ በቢላ ተቆርጧል። ቁመቷ በሙሉ ያው መዳፍ ነው። ያኔ ገባኝ፤ በረዶው አልቀበራቸውም፣ ሰው ነው ያሳጠራቸው። ማነው የሚቀልድብኝ ብዬ ተቆጣሁ።» ብርቱካኑን ተቀበሉኝ። «ቀጥሎ ደግሞ፣ በእኔ ለመቀለድ ይህን ሁሉ ጥድ የሚደክም ሰው ማን ይሆን አልኩ። ተንሸራታቹን ገልብጬ ከጀርባው ተቀመጥኩና ያንን ሳስብ ቆየሁ። የማውቀውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ጠረጠርኩ። ቬሳን እንኳ ጠርጥሬ ተውኩት፤ ሰነፍ ነው።»

ያኔ ስላንቺ ነገርኳቸው። መስመሩ ለምን እንደተሠራ፣ ከሳውናው ደጃፍ ሲታይ ምን እንደሚመስል ነገርኳቸው። «የትኛውን ጥድ?» ብለሽ የጠየቅሽው አንቺ መሆንሽን፣ ያን ጥያቄ ባትጠይቂ ሬዮ ሌላ ዙር ደሴቱን ሊፈልግ እንደነበርም ነገርኳቸው። ሐኪሙ ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ጉዳዩ የጣት አይሆንም ነበር ብሏል።

«እንግዲያው» አሉ በመጨረሻ፣ «የአንዷን ጣት ነገር ትቼላታለሁ። ስለ ሌላዋ ግን እንነጋገራለን።»

«ተቀይመዋታል?»

«ለመቀየም እኮ መጀመሪያ ልቆጣት ያስፈልጋል። ትታኝ ሄዳ፣ ስልኳን ዘግታ፣ እንዴት አድርጌ ልቆጣት?»

ሳና፣ ይህን ስታነቢ እንደምትስቂ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ሽማግሌው ተቆጥተዋል። እሱን አልደብቅሽም።

ከሆስፒታል ሲወጡ ኦይሊ ቤቷ ወሰደቻቸው። ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር አለው፤ ይሞቃል። ውሻውን እኔ ወሰድኩት፤ አሁን ስጽፍልሽ እግሬ ላይ ተኝቷል። በጋውን ሙሉ ከተማ ቆዩ። ሄጄ ሳያቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው የመኪና ማቆሚያውን ያያሉ። «ሰማያዊው መኪና ዛሬ ዘግይቷል» ይሉኛል። እኒያ የሐይቁን ድምፅ ሰምተው በረዶው የት እንደሚሰነጠቅ የሚናገሩ ሰው ማለቴ ነው። ኦይሊ ክፉ ልጅ አይደለችም። ክረምት ከገባ ደሴቱ አይታሰብም፣ አንድ ጊዜ ሊሞት ነበር፣ ሁለተኛ አልጠብቅም ብላ ቆርጣለች። በእሷ ቦታ ሆኜ ሳየው ልክ ናት።

ባለፈው ሳምንት በአዳራሹ ስብሰባ ነበር። ጥያቄው ዘንድሮ በሐይቁ ላይ ኤግዚቢሽን ይኑር ወይስ ይቅር የሚል ነው። ኦይሊ አባቷን ይዛ መጣች። ተነስታ ተናገረች።

«አባቴን ከዚህ ሐይቅ ሁለት ጣት አስቀርቼ ነው ያወጣሁት። እናንተ ደግሞ ዘንድሮም ጨዋታ ትላላችሁ።»

«ቁጭ በይ ኦይሊ» አሉ ታይስቶ። «ጣቶቹ የኔ ናቸው።»

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ግን ተቀመጠች። እሳቸው በከዘራቸው ተደግፈው ቆሙ።

«ጥድ ለመንገድ ብቻ ይሁን» አሉ። «ሕግ አድርጋችሁ ጻፉት። ሌላውን አርቲስቶቹ እንደፈለጉ ያድርጉ። በር ይትከሉ፣ ወንበር ይትከሉ፣ ካሻቸው ቬሳን ይትከሉ። ጥድ ግን አይነካም።»

ሁሉም እጁን አወጣ፤ ተጻፈ። ኤግዚቢሽኑ ይቀጥላል። ነገሩ እዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

«አሁን ደግሞ» አሉ ታይስቶ ሳይቀመጡ፣ «የኔን መንገድ ማን ነው የሚተክለው?»

ሬዮ ትከሻው በመስከረም ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። ይበሳል፤ ማንሳትና ማቆም ግን አይችልም። ቬሳ «እኔ እተክላለሁ» አለ።

«አንተ የተከልከው ጥድ እንደ ሰካራም ያዘነብላል። ያቺ ልጅ ናት የምትተክለው።»

«የቷ ልጅ?» አለች ኦይሊ።

«ሁለተኛ የለችም።»

«አባዬ፣ አብደሃል እንዴ?»

«ስሚኝ። በመላው ፊንላንድ ጥድ ስትተክል እጇ የሚንቀጠቀጥ አንድ ሰው ቢኖር እሷ ናት። ሬዮ ለምዶታል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይተክላል። እሷ ግን እያንዳንዱን ዞራ ታየዋለች፣ በረዶውን ደግማ ትለካለች፣ ማታም አትተኛም። እኔ በእሷ መንገድ ነው ወደ ቤቴ የምገባው። አለዚያ ሦስተኛ ፎቅ ቁጭ ብዬ ሰማያዊውን መኪና እጠብቃለሁ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ስተክልልዎት ኖሬ፣ አመሰግናለሁ» አለ ሬዮ።

«ምንም አይደለም» አሉት።

ቤት ስንገባ ሬዮ ተከፍቶ ነበር። እራት ሳይበላ ጎተራ ገብቶ መሰርሰሪያውን ሲሞርድ አመሸ። በማግስቱ ግን ጫካ ወጥቶ ጥዶቹን መምረጥ ጀመረ፤ ትከሻው እንዳያነሳ ስለሚከለክለው ቬሳ ይጎትትለታል። ቁመታቸው ሁሉም አንድ ነው። ሲቆርጥ ደጋግሞ ይለካል። እንደዚህ ሲለካ ያየሁት ዘንድሮ ነው፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም።

ኦይሊ ከስብሰባው በኋላ ብቻዋን ሱቁ መጣች። ምንም አልገዛችም። የባትሪውን መደርደሪያ ስታይ ቆየችና፣

«ትመጣለች ብለሽ ታስቢያለሽ?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«እኔ ብሆን አልመጣም።»

አንድ ባትሪ አንስታ መልሳ አስቀመጠች።

«እስካሁን የጠላኋት ሳላውቃት ነው» አለች። «ሳያውቁ መጥላት ይቀላል። ትምጣና ልያት። መንገዱን እሷ ከተከለችው፣ ሬዮም በስተኋላዋ ሄዶ ካየው፣ እኔም አባቴን ይዤ ከሄድኩበት፣ የገና በዓል ሳይደርስ ቤቱ ይገባል። ካልሆነ ግን እኔ ጋ ነው የሚከርመው፤ ከእንግዲህም በየዓመቱ እኔ ጋ ነው። እየደጋገምኩ ልጨቃጨቅ አልችልም።»

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ ሙሉውን ነገርኩሽ።

ዳር ዳሩ በረዶው ሰው ይችላል። መሃሉ ገና ነው። ሬዮ የነፃነት በዓላችን ሲያልፍ መትከል እንደሚጀመር ይናገራል። የላይኛው ክፍል ባዶ ነው፤ ከመምጣትሽ በፊት ምድጃውን አነድዳለሁ። አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ይህ ኤግዚቢሽን አይደለም። ስምሽ ሰሌዳ ላይ አይጻፍም፣ ፎቶ የሚያነሳ አይመጣም፣ ከሳውናው ደጃፍ ቆሞ የሚደነቅም የለም። ጀልባ ማቆሚያው ጋ ጀምሮ የታይስቶ ደጃፍ ላይ የሚያልቅ ተራ መንገድ ነው። ስትጨርሺ እሳቸው በአንቺ ላይ ይጮኻሉ። ምናልባት ለረጅም ጊዜ። ከዚያ የሚበላ ነገር ይሰጡሽ ይሆናል፤ ለዚህ ግን ዋስ አልሆንም።

ሥራሽን መልሰሽ እንድትይዢ አልለምንሽም። ያ የራስሽ ጉዳይ ነው፤ ሕፃናቱም ሳይወዱሽ አይቀሩም። በዚያ ቀን ያየሁት መስመር ግን አሁንም ሐይቁን ባየሁ ቁጥር አለ። ጥሩ ሥራ ነበር። ሰው ጎድቷል፣ ጥሩም ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ገና እየሞከርኩ ነው።

መምጣት ካልቻልሽ አልፈርድብሽም። ቬሳ ይተክላል፤ ሽማግሌው እልሃቸውን ይውጡት አይውጡት አላውቅም። አንድ ነገር ግን አላደርግልሽም። አልመጣም ማለትሽን እኔ ወስጄ አልነግራቸውም። ራስሽ ንገሪያቸው። የኦይሊን ቤት ቁጥር ከታች ጽፌልሻለሁ። ስልኩን የሚያነሱት እሳቸው ናቸው፤ ማንም ቢደውል መጀመሪያ ዜና እየሰማሁ ነው ብለው ይቆጣሉ። ስምሽን ስትነግሪያቸው ዝም ይላሉ፤ ረዘም ያለ ዝምታ ነው።

አትዝጊባቸው።

ሂልካ
ከሐይቁ ዳር ሱቅ